ሳይቃጠል በቅጠል፤ አሮጌ የናፍጣ ካሚዮን በከባድ ጭነት እንዳይግል

የንግድ ሥራ ዋና ግቡ ዕቃን ከተገኘበት ስፍራ ወደሚፈለግበት ስፍራ በጊዜውና በደኅና ማድረስ እንደ ሆነ ለማንም የተሰወረ አይደለም። አስመጪው ገንዘቡን በባንክ በኩል ከፍሎ፥ የጉምሩኩን ሥርዐት ፈጽሞ፥ ዕቃውን ከወደብ ካስነሣ በኋላ የቀረው ተስፋው ሁሉ በአንድ ሞተር ላይ የተጣለ ነው። ላኪውም ቡናውን ወይም ሰሊጡን አበጥሮና አዘጋጅቶ ወደ ወደብ ሲያወርድ ነገሩ እንደዚሁ ነው። ያ ሞተር በዳገት መካከል ውኃው ፈልቶ የቆመ እንደ ሆነ መርከቡ አይጠብቅም፤ ደንበኛው አይታገሥም፤ የባንኩም ወለድ አያርፍም። ባለ ሱቁ ደግሞ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ሳለ ገዢው ወደ ጎረቤት ሱቅ ሲሻገር ቆሞ ከመመልከት በቀር የሚያደርገው የለም።

ኮፈኑ ተከፍቶ፥ እንፋሎት እየወጣ፥ ከጎማው ሥር ድንጋይ ተደግፎለት በመንገድ ዳር የቆመ ካሚዮን በአገራችን ዳገቶች እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚወቀሰው ሾፌሩ ነው። ሾፌር ጥፋት የለበትም ለማለት አይደለም። ይሁን እንጂ ነገሩን በጥሞና ለመረመረው ሰው፥ ሞተሩ የሚግለው በዳገት ላይ ቢሆንም የሚግልበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጀው መኪናው ገና ከግቢ ሳይወጣ ነው። ስንት ኩንታል ይጫን? በስንት ሰዓት ይነሣ? በራዲያተሩ ውስጥ ምን ዐይነት ውኃ ይግባ? የትኛው ዕቃ ዛሬ ይለወጥ፥ የትኛውስ ለሚመጣው ወር ይቆይ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጠው ሾፌሩ ሳይሆን ባለ ንብረቱ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የተጻፈው ምክር ለመካኒክ ሳይሆን ለነጋዴው ጠቃሚ እንዲሆን ታስቦ የተዘጋጀ ነው።

አሮጌው መኪና

የጣሊያኑ ፊያት ኩባንያ በ1952 እ.ኤ.አ. መሥራት የጀመረው 682 የተባለው ካሚዮን በአገራችን የጭነት ሥራ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስፍራ አለው። ከዚሁ ወገን የሆነው ኤን 3 የተባለው ዐይነት በጣሊያንኛው አጠራር «ኤንትሬ» ተብሎ በሾፌሮችና በነጋዴዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ከአዋሽ ወደ ሚሌ የሚወስደው መንገድ ከመሠራቱ አስቀድሞ ከአሰብ የተነሣ ጭነት በባቲና በኮምቦልቻ፥ በሸዋ ሮቢትና በጣርማ በር አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ይገባ በነበረበት ዘመን ይህን የመሰለ መኪና ብዙ ደክሟል። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ዋናው የዕቃ በር ጅቡቲ ሆኗል፤ ቢሆንም ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ወደ ደጋው መውጣት አልቀረም።

አዲስ መኪና ለመግዛት ብዙ ገንዘብ፥ ይልቁንም የውጭ ምንዛሪ ስለሚያስፈልግ፥ አሮጌውን እየጠገኑ መሥራት ለብዙ ሰው የግድ ነው። ይህም የሚያሳፍር ነገር አይደለም። አሮጌ የናፍጣ ሞተር ብረቱ ወፍራም፥ አሠራሩም ግልጽ ስለ ሆነ፥ በወጉ ለያዘው ሰው ረዥም ዘመን ያገለግላል። ጠላቱ ግን ሙቀት ነው።

ሙቀቱ ከወዴት ይመጣል

ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 እ.ኤ.አ. በሥራ ያሳየው ሞተር ከነዳጁ ሙቀት አንድ አራተኛውን ያህል ወደ ሥራ የለወጠ ነበር፤ ይህም በዚያን ጊዜ እንደ ታላቅ ድንቅ ተቈጥሯል። ከዚያ ወዲህ ብዙ መሻሻል ቢደረግም፥ በአሮጌ የካሚዮን ሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ናፍጣ ሙቀት ጎማውን ወደሚያዞር ኀይል የሚለወጠው ሲሶ ግድም ብቻ ነው። ሌላው ሲሶ ግድም በጭስ ማውጫው ይወጣል። የቀረው አብዛኛው በሞተሩ ውስጥ ለሚዞረው ውኃ የሚተላለፍ ሲሆን፥ ውኃው ደግሞ በራዲያተሩ አማካይነት ለነፋስ ይሰጠዋል።

ከዚህ የምንረዳው፥ ሞተሩ ለሥራ የሚያወጣውን ኀይል ያህል ሙቀት በራዲያተሩ በኩል መጣል እንዳለበት ነው። 120 የፈረስ ጉልበት እያወጣ ዳገት የሚወጣ ሞተር ወደ 90 ኪሎ ዋት የሚጠጋ ሙቀት በፊቱ በኩል መጣል ይኖርበታል። ይህ ሙቀት ከ20 የማያንሱ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣዶች በአንድ ጊዜ ቢጣዱ ከሚሰጡት ሙቀት ጋር የሚወዳደር ነው። ሙቀቱ መውጫ ካጣ የት እንደሚሄድ መገመት አያዳግትም፤ ቴስታታውን ያጣምማል፥ ጓርኒሲዮኑን ያቃጥላል፥ ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ጋር ያጣብቃል።

ቆላና ደጋ

የአገራችን የመሬት አቀማመጥ ለሞተር ሁለት ፈተና ያቀርብለታል። የመጀመሪያው የቆላው ሐሩር ነው። ራዲያተር የሚጥለው ሙቀት መጠን በውኃውና በውጭው አየር መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት ይወሰናል። የሞተሩ ውኃ 90 ዲግሪ፥ በአፋር ሜዳ ላይ ያለው የቀትር አየር ደግሞ 42 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 48 ዲግሪ ነው። ይኸው መንገድ አየሩ 24 ዲግሪ በሆነበት ሰዓት ቢሄዱበት ልዩነቱ 66 ዲግሪ ይሆናል። በዚህ ሒሳብ ያው ራዲያተር፥ በዚያው ማራገቢያ፥ ምንም ገንዘብ ሳይወጣበት፥ ከሲሶ በላይ የበለጠ ሙቀት ይጥላል ማለት ነው። ስለዚህ የመነሻ ሰዓት መምረጥ ራሱን የቻለ ጥገና ነው።

ሁለተኛው ፈተና የደጋው ከፍታ ነው። ውኃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ወደ ላይ በወጣን ቍጥር ግን በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። በአዲስ አበባ 92 ዲግሪ ግድም፥ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በጣርማ በር ደግሞ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ወደ ጣርማ በር የሚወጣ መኪና ሞተሩ እየጋለ ሲሄድ፥ ውኃው የሚፈላበት ወሰን ደግሞ ከላይ ወደ ታች እየወረደ ይቀበለዋል። ወደ ላይ ሲወጡ አየሩ መቀዝቀዙ ጥቂት ይረዳል፤ ነገር ግን አየሩ ስለ ሳሳ ማራገቢያው እንደ ቀድሞው ቢዞርም የሚያሳልፈው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለ ሆነ የሚሸከመውም ሙቀት ያንሳል።

በዚህ ምክንያት የራዲያተሩ ክዳን እንደ ተራ መክደኛ ሊታይ አይገባውም። ክዳኑ በስፕሪንግ የሚሠራ ሲሆን ውኃውን በግፊት ይይዘዋል። ግማሽ አትሞስፌር የሚይዝ ክዳን በጣርማ በር ላይ የመፍያውን ወሰን ከ90 ወደ 104 ዲግሪ ግድም ከፍ ያደርገዋል። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የደከመ እንደ ሆነ ግን ይህ ሁሉ ጥቅም ይቀራል። ክዳኑ ጠፍቶ በጨርቅ ተወትፎ የሚሄድ መኪና ካለ፥ ባለቤቱ በጥቂት ብር ምክንያት ትልቁን ንብረቱን አስይዞ እንደ ተጫወተ ይቈጠራል። ሲገዛም ለዚያው መኪና የተወሰነውን የግፊት ልክ ማየት ያስፈልጋል፤ ከልኩ በላይ የሚይዝ ክዳን አሮጌ ራዲያተርን ያፈነዳል።

የኩንታል ሒሳብ

ነጋዴ የሚያውቀው ሒሳብ ስለ ሆነ ይህን በኩንታል መመልከት ይሻላል። ከነጭነቱ 200 ኩንታል የሚመዝን ካሚዮን በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲወጣ፥ ዳገቱ ብቻ 104 የፈረስ ጉልበት ያህል ይጠይቀዋል። የጎማው መንከባለል ሲጨመርበት 120 ግድም ይደርሳል። በዚሁ መኪና ላይ «ምን አላት» ተብሎ 40 ኩንታል ቢጨመር የሚያስፈልገው ጉልበት ከ140 ይበልጣል።

ሞተሩ ግን ከ120 በላይ የሚሰጠው ከሌለ ከየት ያመጣዋል? ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከ20 ወደ 17 ኪሎ ሜትር በታች ይወርዳል። በ60 ደቂቃ ይወጣው የነበረውን ዳገት አሁን በ72 ደቂቃ ግድም ይወጣዋል። በዚህ ጊዜ ሁሉ የነዳጁ መርገጫ እስከ መጨረሻው እንደ ተረገጠ ነው። ሞተሩ ሙሉ ሙቀቱን ለረዘመ ጊዜ ሲያወጣ፥ ከመኪናው ፍጥነት የሚገኘው ነፋስ ደግሞ ቀንሶበታል። ራዲያተሩ ለ200 ኩንታል የሚበቃ እንደ ሆነ ለ240 አይበቃም። የመጀመሪያው ጕዞ በደኅና ቢፈጸምም ጕዳቱ የለም ማለት አይደለም፤ ቴስታታ በአንድ ቀን አይጣመምም፥ ጓርኒሲዮንም በአንድ ዳገት ብቻ አያልቅም።

ነፋሱ የቀነሰ ጎማና በደንብ የማይለቅ ፍሬንም እንደ ተጨማሪ ጭነት ይቈጠራሉ። መኪናው በሜዳ ላይ ሲቆም ረዳቱ የጎማዎቹን መሐል በእጁ ጠጋ ብሎ ቢፈትሽና ከሌሎቹ ይልቅ የሚፋጅ ቢያገኝ፥ ሞተሩ ያንን ፍሬን ሲጎትት እንደ ቆየ ይወቅ።

ስለ ውኃው

በመንገድ ላይ የተገኘውን ውኃ ሁሉ በራዲያተር ውስጥ መጨመር የተለመደ ነገር ነው። የአፋር ቆላና የስምጥ ሸለቆ ብዙ ጕድጓዶች ውኃቸው ጨውና ልዩ ልዩ ማዕድን የበዛበት ነው። ይህ ውኃ ሲግል በጀበና ውስጥ እንደምናየው ያለ ነጭ ቅርፊት በሞተሩ የውስጥ ግድግዳና በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ላይ ይጋግራል። ቅርፊቱ ሙቀትን የሚያሳልፈው ከብረት እጅግ ባነሰ ልክ ነው፤ አንድ ሚሊሜትር የማይሞላ ቢመስልም፥ ሙቀትን በመከልከል በኩል ከ20 ሚሊሜትር በላይ ውፍረት ካለው ብረት ጋር ይተካከላል። ከውጭ ሲታይ ራዲያተሩ ሙሉ ነው፤ ውስጡ ግን ታፍኗል።

መድኀኒቱ ቀላል ነው። መኪናው ከግቢ ሲነሣ ንጹሕ ውኃ በጀሪካን ይያዝለት። የዝናብ ውኃ ወይም የተጣራ ውኃ ከጕድጓድ ውኃ ይሻላል። ከዚህም ጋር ኩላንት የሚባለውን ፈሳሽ መጨመር ይጠቅማል፤ ይህ ፈሳሽ በብርድ አገር በረዶን ለመከላከል ቢፈለግም፥ ለእኛ አገር ዋና ጥቅሙ ዝገትንና ቅርፊትን መከላከሉና የመፍያውን ወሰን ጥቂት ከፍ ማድረጉ ነው። ሆኖም ከውኃ ይልቅ ሙቀትን የመሸከም ችሎታው ያነሰ ስለ ሆነ ሲበዛ ይጎዳል፤ በረዶ በሌለበት አገር ከግማሽ በታች፥ ሲሶ ያህል ቢሆን ይበቃል። ቀለሙና ዐይነቱ የተለያየውንም አንዱን ከሌላው መደባለቅ አይገባም።

ቀድሞ የታፈነ ራዲያተር እንደ ሆነ ደግሞ በመካኒክ እጅ ይታጠብ፤ ውኃውም ከታች ወደ ላይ፥ ማለት ከተለመደው መንገዱ በተቃራኒ እየተገፋ ዝቃጩ እንዲወጣ ይደረግ። ራዲያተሩ መታፈን አለመታፈኑን ለማወቅ፥ ሞተሩ ከሠራ በኋላ ጠፍቶ፥ ማራገቢያውም መቆሙ ከተረጋገጠ በኋላ የራዲያተሩን ፊት በእጅ መዳበስ ነው። በአንድ ወገን ሙቅ፥ በሌላው ወገን ቀዝቃዛ ከሆነ ቀዝቃዛው ስፍራ ውኃ የማያልፍበት ነው።

ራዲያተሩ፥ ማራገቢያውና ችንጋው

በራዲያተሩ ክንፎች መካከል አቧራ፥ አንበጣ፥ ገለባና ጭቃ ሲሰገሰግ ነፋስ አያልፍም። ዘይት የሚያንጠባጥብ ሞተር ከሆነ ደግሞ አቧራው ከዘይቱ ጋር ተለውሶ እንደ ምርጊት ይለጠፋል። ይህ የሚታጠበው ከሞተሩ ወገን ወደ ውጭ በሚገፋ ውኃ ነው፤ ከፊት የተረጨ ውኃ ቆሻሻውን ይበልጥ ወደ ውስጥ ይሰገስገዋል። እጅግ ኀይለኛ ግፊት ያለው ውኃም ቀጫጭኖቹን ክንፎች ስለሚያጥፍ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ማራገቢያውን የሚያዞረው ችንጋ በሁለቱ ጎማዎቹ መካከል በአውራ ጣት ሲጫኑት ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ያህል መርገብ አለበት። ከዚህ በላይ የላላ እንደ ሆነ በሜዳ ላይ ምንም ሳይታወቅ በዳገት ላይ ይንሸራተታል፤ የውኃውም ፖምፓ በዚሁ ችንጋ የሚዞር ከሆነ ሁለቱም በአንድነት ይደክማሉ። ከማራገቢያው ዙሪያ ያለው የቆርቆሮ ክበብ ደግሞ ለጌጥ የተደረገ አይደለም። እርሱ ከሌለ ማራገቢያው በራዲያተሩ በኩል አየር መሳቡን ትቶ በዚያው በሞተሩ ዙሪያ ያለውን ሙቅ አየር መልሶ ያዞረዋል። ብዙ ጊዜ ለጥገና ሲባል ተነሥቶ በጋራዥ ጥግ ይረሳል። ባለ ንብረቱ መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ «ክበቡ ተመልሷልን?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ማራገቢያው ራሱ ተገልብጦ ተገጥሞ የተገኘበትም ጊዜ አለ።

የታችኛው የጎማ ቱቦ ሌላው ተንኰለኛ ነው። ያረጀ ቱቦ መኪናው ቆሞ ሲታይ ደኅና ይመስላል፤ ሞተሩ በኀይል ሲዞር ግን የፖምፓው መሳብ እንደ ጠባ ከረጢት ያጣብቀዋል። ቱቦው ሲጨበጥ እጅግ የለሰለሰ እንደ ሆነ መለወጥ ነው።

ስለ ቴርሞስታት

ሞተሩ የጋለ እንደ ሆነ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በብዙ ጋራዥ የተለመደ መፍትሔ ነው። ይህ ግን ለብዙ ሞተሮች መድኀኒት ሳይሆን በሽታ ይሆናል። ቴርሞስታት ውኃው 80 ዲግሪ ግድም ሲደርስ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ የሚከፍት በር ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ ይህንን መንገድ ሲከፍት፥ ውኃው ራዲያተሩን ሳይጎበኝ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን ሌላውን አጭር መንገድ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ሲወጣ አጭሩ መንገድ ክፍት ሆኖ ስለሚቀር፥ ከፊሉ የጋለ ውኃ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል፤ ሞተሩም በዳገት ላይ ከቀድሞው ይልቅ ይግላል። በቍልቍለትና በደጋው ብርድ ደግሞ ከመጠን በላይ ይቀዘቅዛል፤ ይህም ሲሊንደሩን ያለ ጊዜው ይበላዋል፥ ዘይቱንም ያቈሽሸዋል። የተበላሸውን በአዲስ መተካት እንጂ ስፍራውን ባዶ መተው አይበጅም።

ስለ ናፍጣው ፖምፓ

አንዳንድ ሰዎች መኪናው ዳገት ላይ ሲደክምባቸው በናፍጣው ፖምፓ ላይ ያለውን የእርሳስ ማኅተም አስቈርጠው ነዳጁን ያስጨምራሉ። ለጊዜው ጥቂት ጉልበት የተገኘ ይመስላል። ነገር ግን ተርቦ የተባለው አየር ገፊ መሣሪያ የሌለው አሮጌ ሞተር በአዲስ አበባ ከፍታ ከሚስበው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይጎድልበታል። አየሩ ጎድሎ ሳለ ነዳጅ ቢጨምሩበት የተረፈው ናፍጣ በጥቍር ጭስነት ይወጣል፤ ጭሱም እሳት ሆኖ ቴስታታውን ያጋየዋል። ሥራው ሁሉ በደጋ ለሆነ መኪና የሚሻለው ነዳጁን መቀነስ ነው፤ በየ300 ሜትሩ ከመቶ 3 ያህል መቀነስ በመካኒኮች ዘንድ የታወቀ ልክ ነው። በዳገት ላይ ጥቍር ጭስ እያወጣ የሚሄድ መኪና ያየ ነጋዴ «ጕልበተኛ ነው» አይበል፤ ናፍጣውም ገንዘቡም እየተቃጠለበት ነው። የታፈነ የአየር ማጣሪያም ይህንኑ ጕዳት ስለሚያመጣ፥ በአቧራማ መንገድ የሚሠራ መኪና ማጣሪያው ቶሎ ቶሎ ይታይለት።

በዳገት ላይ

ሾፌሩ ማድረግ የሚገባውም አለ። የውኃው ፖምፓና ማራገቢያው የሚዞሩት በሞተሩ መዞር ልክ ነው። ስለዚህ ሞተሩ እስኪያቃስት ድረስ በከባድ ማርሽ መጎተት ሙቀትን ይጨምራል፤ ማቀዝቀዣውን ግን ይቀንሳል። ብልኅ ሾፌር ዳገቱ ሳይጀምር ማርሹን ቀንሶ፥ ሞተሩ ቀለል ብሎ እንዲዞር አድርጎ፥ መርገጫውን እስከ መጨረሻው ሳይረግጥ ይወጣል። ዐይኑም ከሙቀት መለኪያው አይለይም፤ መርፌው ከተለመደው ስፍራው ከፍ ሲል ወዲያው ማርሽ ይቀንሳል፥ ካልተመለሰም ስፍራ ፈልጎ ይቆማል።

የጋለ መኪና ሲቆም ሞተሩን በድንገት ማጥፋት አይገባም። ውኃው ካልፈሰሰ ችንጋውም ካልተበጠሰ፥ ከተለመደው ባዶ ዙር ጥቂት ከፍ አድርጎ ጥቂት ደቂቃ ማሠራት ሙቀቱን ያወጣዋል። ውኃው ፈስሶ ወይም ችንጋው ተበጥሶ እንደ ሆነ ግን ወዲያው ይጥፋ። ክዳኑን በጋለበት መክፈት ፊትንና እጅን ያቃጥላል፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠበቅ፥ ከዚያም በወፍራም ጨርቅ ተይዞ ቀስ ተብሎ ይከፈት። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት የጋለ ሸክላ ምጣድ ላይ ውኃ እንደ መድፋት ነው፤ ቴስታታው ይሰነጠቃል። ሞተሩ ሲበርድ፥ እያሠሩ፥ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር። ከዚህ በኋላ ውኃው ውስጥ ያለ ማቋረጥ አረፋ የሚታይ፥ ወይም የሞተሩ ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ቡና የመሰለ እንደ ሆነ፥ ጓርኒሲዮኑ አልቋልና ጕዞውን መቀጠል ንብረትን መግደል ነው።

የነጋዴው ፋንታ

አሁን ነገሩን በመጫኛው ስፍራ እንመልከተው። አንድ ነጋዴ ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ ጭነት ሊያስነሣ ነው እንበል። ጫኞቹ የመጨረሻዎቹን 40 ኩንታል ተሸክመው ቆመዋል። ሾፌሩ ጠጋ ብሎ፥ «ጋሼ፥ ይህን ለሚቀጥለው ያቆዩልኝ፤ ጣርማ በር አይወጣልኝም» ይላቸዋል። ነጋዴው ደግሞ፥ «ባለፈው ወር አልወጣህምን?» ብለው ይጠይቁታል። «ወጥቼ ነበር፤ ግን ሦስት ጊዜ ቆሜ፥ ሁለት ጀሪካን ውኃ ጨምሬ ነው። እርስዎ የደረሰውን ዕቃ ብቻ ነው ያዩት» ይላቸዋል።

በዚህች ሰዓት የሚሰጠው መልስ የሞተሩን ዕድሜ ይወስናል። ነጋዴው የ40 ኩንታሉን የጭነት ዋጋ በአንድ ዓምድ ይጻፉ። በሌላው ዓምድ ቴስታታ ማስተካከያውን፥ ጓርኒሲዮኑን፥ የመጎተቻውን ኪራይ፥ ዕቃውን በሌላ መኪና የማዛወሪያውን፥ የጠባቂውንና የአዳሩን ወጪ፥ መኪናው በጋራዥ ቆሞ የሚያሳልፋቸውን ቀኖች፥ በመጨረሻም የተሰናከለውን ደንበኛ ይጻፉ። ሁለተኛው ዓምድ በየጕዞው አይደርስም፤ ሲደርስ ግን የብዙ ጕዞ ትርፍን ይዞ ይሄዳል።

ከዚህም ሌላ ሾፌር እውነቱን ለመናገር የማይፈራበት ግቢ መሆን አለበት። «መኪናው ጋለብኝ» ያለ ሾፌር የሚሰደብ ከሆነ፥ በሚቀጥለው ጊዜ የሚናገረው ሞተሩ ከተጣበቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ በየጕዞው ስንት ውኃ እንደ ጨመረ፥ መርፌውም በየትኛው ዳገት ከፍ እንዳለ በአንዲት ደብተር ላይ እንዲጽፍ ቢደረግ መልካም ነው። ውኃ የሚጠጣ ሞተር ሕመሙን አስቀድሞ ይናገራልና፥ ያቺ ደብተር ለመካኒኩ ከብዙ ወሬ ትበልጥለታለች።

የራሱ ካሚዮን የሌለው አስመጪ፥ ላኪና ባለ ሱቅም ከዚህ ነገር ነጻ አይደለም። መኪና ሲከራይ የኪራዩን ማነስ ብቻ ከማየት ይልቅ ወደ ራዲያተሩ ፊት ጠጋ ብሎ ይመልከት፤ ክዳኑን፥ ችንጋውንና የጭሱን ቀለም ይይ፤ ጭነቱ ከልክ እንዳያልፍ ይስማማ፤ በቀትር ሐሩር ካልተነሣህ ብሎም ሾፌሩን አያስቸኩል። ማታ ተጭኖ ሌሊቱን በሰላማዊ ስፍራ አድሮ፥ ዳገቱን በማለዳ የሚወጣ መኪና በቀትር ተጣድፎ ተነሥቶ በመንገድ ከሚቀረው ቀድሞ ይደርሳል።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ገና ቤት በሣር በሚከደንበት ዘመን ነው። እሳቱ ትንሽ ሳለ ቅጠል ይበቃዋል፤ ከተስፋፋ በኋላ ግን ወንዝም አይመልሰው። የሞተርም ነገር እንደዚሁ ነው። በግቢ ውስጥ የጠበቀ ችንጋ፥ ደኅና ክዳን፥ ንጹሕ ውኃ፥ ልከኛ ጭነትና የማለዳ ጕዞ ቅጠሎቹ ናቸው። እነዚህን የናቀ ሰው በጣርማ በር ላይ ወንዝ ሲፈልግ ይውላል።